ይድረስ ለክቡር ሙድ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ እርስዎን በመጠበቅ ስለቆሙ ሥራዎች

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እርስዎን ከመጠበቅ በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ራሱ እርስዎን ስንጠብቅ ቆይተን ነበር። አልመጡም። ስለዚህ ያለ ፈቃድዎ ጀምረነዋል፤ ድፍረታችንን ይቅር ይበሉን።

መቼም ብዙ ቦታ ይጠሩ ይሆናል። እንደ እርስዎ የሚጠበቅ እንግዳ የለም። ሪፖርቱ «ሙድ ሲመጣ» ተብሎ ተቀምጧል። የመመረቂያ ጽሑፉም እርስዎን ይጠብቃል። የቋንቋ ትምህርቱ ምዕራፍ አንድ ላይ ቆሞ በር በሩን ያያል። የስፖርት ጫማው ከተገዛ ጀምሮ የተጓዘው ከካርቶኑ እስከ ቁም ሳጥኑ ነው። ለምን አልተሠራም ተብሎ ሲጠየቅ የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ ክቡር ሙድ ገና አልመጡም።

ቀጠሮ ለማስያዝ ስንሞክር ደግሞ ሰኞ ወደሚባለው ጉዳይ አስፈጻሚዎ እንመራለን። «ከሰኞ ጀምሮ» ይለናል። ሰኞ ይመጣል፤ እርስዎ የሉም። ማክሰኞ መጀመር ነውር ይመስል ሌላ ሰኞ እንጠብቃለን። እሱም ሲያልፍ ወሩ አንድ ብሎ ሲጀምር እንላለን። ወሩም ሲያልፍ አዲስ ዓመት አለ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሚጀመር ሥራ ግን ሰምተን አናውቅም።

እንደው አለመምጣትዎ ብቻ ቢሆን እንችለው ነበር። የሚመጡበት ሰዓት ነው ጉዱ። መብራት አጥፍተን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከች ይላሉ። ያኔ መጽሐፍ ልንጽፍ፣ ድርጅት ልንከፍት፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተን ልንሮጥ እንማማላለን። የመጽሐፉ ምዕራፎች ሳይቀሩ ይደረደራሉ። ጠዋት ስንነሳ እርስዎ የሉም፤ እቅዱንም ይዘውት ሄደዋል።

እርስዎን ለመቀበል የምናደርገውን ሽር ጉድ ቢያዩ ያዝኑልን ነበር። ላፕቶፑ ይከፈታል። ባዶ ገጽ ይመጣል። ርዕሱ ይጻፋል፤ መሐል ይደረጋል፤ ይደምቃል። ፎንቱ ግን ቅር ያሰኛል። ይቀየራል። አሁንም ይቀየራል። መጠኑ ከ14 ወደ 16 ከፍ ይልና ትንሽ የጮኸ ሲመስለን ወደ 14 ይመለሳል። ከዚያ «መግቢያ» ተብሎ ይጻፍና ይሰመርበታል። ከመግቢያው ሥር ያቺ ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። እሷም እርስዎን እየጠበቀች ነው። በዚህ መሐል የኪቦርዱ ፊደሎች ሥር አቧራ ይታየናል። አቧራማ ኪቦርድ ላይ ደግሞ እንዴት ተብሎ ይሠራል? ይጠረጋል። ኪቦርዱ ከተጠረገ ስክሪኑስ? ስክሪኑ ከተወለወለ ጠረጴዛውስ? ነገ የሚያስረክበው ሥራ እንዳለበት ሰው ቤት የጸዳ ቤት የለም። በመጨረሻ፣ እንድንነቃቃ ብለን፣ ዛሬ ነገ ማለትን በአምስት ደቂቃ ስለማሸነፍ የሚያወራ ቪዲዮ እንከፍታለን። ቪዲዮው ሌላ ቪዲዮ ይወልዳል። ቀና ስንል መሽቷል። ግን ብዙ ተምረናል።

እርስዎን ስንጠብቅ ሙድ ተያዘብን እኮ!

ክቡር ሆይ፣ ስለ እርስዎ የሚወራውን ሳይሰሙ አይቀሩም። ሥራ የሚያሳድር ሰው ሰነፍ ነው፣ ወይም ሰዓት አጠቃቀም አያውቅም ሲባል ኖሯል። ፉሽያ ሲሮይስ እና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ ጣታቸውን ወደ እርስዎ ሰፈር ቀስረዋል። ጉዳዩ ከሰዓት ይልቅ የስሜት ነው ባዮች ናቸው። ሥራው ያሰለቻል፣ ያስፈራል፣ ወይም «ባልችለውስ?» ያሰኛል። ያንን ስሜት ለማራቅ ሥራውን ወዲያ እንገፋዋለን። ወዲያው ቅልል ይለናል። ተንኮሏ ያለው እዚያች ቅለት ውስጥ ነው። መግፋት እንደሚያስደስት ስለለመድን በሚቀጥለው ጊዜ እጃችን ሳይታዘዝ ይገፋል። ዕዳው ለነገው ሰውዬ ይተላለፋል። ሰውዬው እኛው ራሳችን ነን፤ ግን ገና ስላልተዋወቅን አናዝንለትም።

ዳያን ታይስ እና ሮይ ባውማይስተር ያ ዕዳ ሲከፈል አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራ የሚያሳድሩ ተማሪዎች ሴሚስተሩ ሲጀመር ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀት ነበረባቸው። እርስዎም ያኔ አብረዋቸው ሳይዝናኑ አልቀሩም። ሴሚስተሩ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ግን ጭንቀቱም ሕመሙም እነሱ ላይ በረታ፤ ውጤታቸውም ዝቅ አለ። በዚያ ሰዓት እርስዎን ያየ የለም።

«እኔ ጫና ሲኖር ነው የሚሠራልኝ» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እርስዎ የመጡ ይመስላቸዋል። እኔ እስከማውቀው ግን በመጨረሻው ሌሊት የሚመጣው ድንጋጤ ነው። ድንጋጤ ያሠራል፤ አይካድም። የሠራውን ግን መልሶ አያነብም። ለዚህ ነው ፋይሉ ከተላከ በኋላ ሽፋኑ ላይ ያለው የፊደል ግድፈት የሚታየው፤ ያውም 14 ነው 16 ነው ስንል በዋልንበት ርዕስ ውስጥ።

አንዳንዱ ደግሞ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ይጠራል። እውነት ነው፣ ሊዮናርዶ እ.ኤ.አ. በ1483 ሚላን ውስጥ ለመሠዊያ የሚሆን ሥዕል በዚያው ዓመት ሊያስረክብ ተዋውሎ ነገሩ የተቋጨው በ1508 ነው። የክፍያ ጭቅጭቅም ስለነበረበት ሁሉንም በእርስዎ አናላክክም። እኛ ግን ከሊዮናርዶ የወረስነው መዘግየቱን ብቻ ነው። ሥዕሉስ?

ስለዚህ በትሕትና የምናሳውቅዎ ነገር አለ። ከእንግዲህ አንጠብቅዎትም።

ቅር አይበልዎ። ሥራ የምንጀምረው ሰዓትና ቦታ ቆርጠን እንጂ በእርስዎ መምጣት አይደለም። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 የጻፈበት ቀላል ዘዴ አለ፦ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን። «ሙድ ሲመጣ እጽፋለሁ» ማለት ቀርቷል። «ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያውን አንቀጽ እጽፋለሁ» ሆኗል። መታጠብና መቀመጥ ደግሞ እርስዎን አያስፈልጋቸውም።

በሥራ ዝርዝራችን ላይ «ሪፖርት» ብሎ መጻፍም ትተናል። ሪፖርት ተራራ ነው፤ ከሥሩ ቆመው ሲያዩት ያስተኛል። አሁን የሚጻፈው «የመጋቢትን ቁጥሮች ሠንጠረዡ ውስጥ ማስገባት» ነው። ይህን ለማድረግ ጀግና መሆን አይጠይቅም። «አንድ ቀን ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ» የሚለውንም ፉከራ ቀንሰናል። እነ ሮጀር ቡለር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ነበር። ከ55 ቀን በላይ ፈጀባቸው። የገመቱት እርስዎ በየቀኑ እንደሚገኙ ቆጥረው መሆን አለበት።

ስልኩ ሌላ ክፍል ገብቷል። ጠረጴዛው ላይ ቢደፋም ያው ነው፤ ተደፍቶም ይጣራል።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢርዎ እንምጣ፤ ነቅተንብዎታል። እርስዎን ሳንጠራ ስንጀምር የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቀሽም ነው። ሁለተኛውም ከእሱ አይሻልም። ለመነሳት እንቁነጠነጣለን፤ ውሃ ይጠማናል፤ ከአሥር ዓመት በፊት አብሮን የተማረው ልጅ አሁን ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ አስቸኳይ ይሆናል። አንነሳም። አራተኛው ወይም አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እጃችን ፈታ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሰዓት ማየት እንረሳለን። ለካ እርስዎ፣ ያልተጠራበትን ድግስ ጭስ አይቶ እንደሚመጣ ጎረቤት፣ ቀስ ብለው ከኋላችን ገብተው ተቀምጠዋል! ለካስ ሥራው መጀመሩን ሲያዩ ነው የሚመጡት! ስንት ዘመን ሥራውን አቁመን በር ላይ ቆመን ጠበቅንዎት?

ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለው ጣሊያናዊ ይህን ቀደም ብሎ ሳይገባው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ የቲማቲም ቅርጽ ያለው የኩሽና ሰዓት ይዞ የጀመረው ዘዴ ዛሬ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። የሰዓቱ ትልቁ ጥቅም እርስዎ መጡ አልመጡ ብሎ አለመጠየቁ ነው። እኔ በበኩሌ 25ቱ ከበዛ 10 ደቂቃም አልንቅም። ሌላም የለመድናት ብልሃት አለች፦ ስናቆም ዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ላይ ትተነው እንነሳለን። በማግስቱ ከባዶ ገጽ ጋር መፋጠጥ የለም፤ የምንጽፈው ታውቆ ያደረ ነው።

ያልተሳካ ቀን እንደሚኖር እናውቃለን። ያን ቀን ደግሞ የወቀሳ ስብሰባ አንጠራም። ማይክል ዎል እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን በማሳደራቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለቀጣዩ ፈተና ሲዘጋጁ ማሳደራቸው ቀንሷል። ራስን ሲሰድቡ መዋልም ለካ ከሥራ ማምለጫ ነው።

ከቀልዱ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልበል። ለሳምንታት ጭራሽ ብቅ ካላሉ፣ ድሮ የምንወደው ነገር ሁሉ ካስጠላን፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛቡ፣ ያ የእርስዎ ኩርፊያ ላይሆን ይችላል። ለእሱ ሐኪም እንጂ ሽሙጥ አይጻፍም።

በተረፈ በሩ ክፍት ነው። ሲመጡ ግን ሥራ ላይ ስለምንሆን ተነስተን አንቀበልዎትም። ወንበር ስበው ይቀመጡ። ከሄዱም ደህና ይሂዱ፤ እስከ በር የሚሸኝዎት የለም፣ ሥራ ይዘናል።

ከሰላምታ ጋር፣
ጅምር የበዛባቸው

ግልባጭ፦
ለጉዳይ አስፈጻሚዎ ለሰኞ
ሌላ ክፍል ለሚገኘው ስልካችን
ለድንጋጤ (በመጨረሻው ሌሊት እንዳይደክም)
ለነገው ሰውዬ፣ ከይቅርታ ጋር