ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እኛ ገና ከሥራ አልወጣንም

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ቀን እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ልገዛ ቆሜ አንዱ ደንበኛ «ቴሌብር ልኬልሻለሁ» ብሎ ስልኩን ለሻጯ ብልጭ አርጎ አሳያትና ፌስታሉን ይዞ ባጃጅ ውስጥ ገባ። እሷ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ የራሷን ስልክ አወጣችና አጠገቧ ሶፍት ለሚሸጥ ልጅ ሰጠችው። «እስኪ ማሙሽ፣ ደርሷል?» ልጁ አየት አረገና «ኧረ እትዬ ይሄ የትናንትናው ነው» አላት። ባጃጁ የለም፣ ሄዷል።

ምንም አላለችም፣ ወደ ሚዛኗ ዞራ ለሚቀጥለው ሰው «ስንት ኪሎ?» አለች። እኔን ነው እንጂ የከነከነኝ፣ ሴትዮዋ እኮ ዓሣ በእጇ አንስታ ክብደቱን የምትነግርህ ሰው ናት፣ ሒሳብ አትስትም፣ የጎደላት መልእክቱ ላይ ያለውን ቀን ማንበብ ብቻ ነው። ታዲያ የት ሄዳ ትማር?

የጎልማሶች ትምህርት የለም አላልኩም፣ አለ። ነገርዬው ሰዓቱ ነው። መመዝገቢያ ቢሮው ክፍት የሚሆነው እሷ ሚዛን ላይ በቆመችበት ሰዓት ነው፣ እኔም ራሴ ከሥራ ወጥቼ ቤተ መጻሕፍት ስደርስ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ በር ላይ ነው የሚቀበለኝ።

2008ን አስታውሱ። መስከረም ላይ ባህር ዳር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ ሄዳ ሰው በየትኛውም ዕድሜው እንዲማር ለሚሠሩ ከተሞች የሚሰጠውን የዩኔስኮን የመማሪያ ከተሞች ሽልማት ወሰደች፣ ቤጂንግ ምናምን ካሉበት 12 ከተሞች አንዷ ሆና (ትንሽ ቀናሁ፣ አልዋሽም)። ኅዳር ላይ ደግሞ የኛው ፍቼ ጫምባላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ዩኔስኮ ተመዘገበ፣ አያንቶዎች (ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎቹ) ሰማይ አይተው ቀኑን የሚቆርጡበት፣ ሰርተፍኬት የሌለው እውቀት። ሐምሌ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ ከዛ በኋላ ስንትና ስንት ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው ከተማችን ገቡ።

እነዚህን ልጆች ነው ማየት ያለብን። የሚሠሩት በሺፍት ነው። የጠዋት ሺፍት ስትሆን የማታ ትምህርት ትጀምራለች፣ ሺፍቷ ወደ ከሰዓት ሲዞር ትቀራለች፣ ስትመለስ ክፍሉ ምዕራፍ አልፏል፣ በቃ በዛው ትተወዋለች፣ እኛም «የዘንድሮ ልጆች መማር አይወዱም» እንላለን። አንዱን ትምህርት ጠዋትም ማታም ደግሞ መስጠት ነው፣ ባመቻት ትግባ። ክፍል እንደሆነ አለ፣ ማታ ማታ ጨለማ ውጦት ነው የሚያድረው። የሚያስፈልገው መብራት፣ ዘበኛና የአስተማሪ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። ክፍያውን በበጎ ፈቃድ ስም እንዳንሸውዳቸው ደግሞ፣ የአስተማሪ ደሞዝ ወር እንደማይደርስ ሁላችንም እናውቃለን።

«ትልልቆቹማ ድሮ ተምረዋል» የሚል ሰውም አይጠፋም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ (1971 ነው የተጀመረው) ሲዳምኛ የተማረ ሰው የተማረው በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ የሲዳምኛ መጽሐፍ በላቲን ነው። ያኔ የምስክር ወረቀት የተቀበለች አያት የልጅ ልጇን ደብተር ከፍታ በገዛ ቋንቋዋ የተጻፈውን ማንበብ አትችልም፣ ጥፋቷ ደግሞ አይደለም፣ አገሩ ነው ፊደሉን የቀየረው፣ እሷን ግን መልሶ ያስተማራት የለም።

ለከተማ አስተዳደሩ የምለው ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም፣ አዲስ ሕንጻም አልፈልግም። አሞራ ገደል ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል አንድ ሰሌዳና ሁለት አግዳሚ ወንበር ይምጣ፣ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሚያግዝ ይገኛል። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ሀ ሁ አይሁን፣ ስልካቸውን አውጥተው የቴሌብር መልእክት ላይ ብሩ የቱ ጋ፣ ቀኑ የቱ ጋ እንደሚጻፍ ይዩ።