ሲሻለን የምንተወው ስፖርት

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ አበሻ ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነሳው የወገብ ነገር ነው። እኔም በቀን አሥር አሥራ አንድ ሰዓት መሪ ይዤ እቀመጣለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ካልሲ ላጠልቅ ጎንበስ ስል ወገቤ ያዘኝ። ቀና ማለት አቃተኝ።

ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። እኔ የጠበቅኩት መርፌ ነበር። ባለሙያዋ ግን ምንጣፍ ላይ አስተኝታ ስፖርት አሠራችኝ። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ከፍ ማድረግ። በእጅና በጉልበት ሆኖ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን መዘርጋት፣ ከዚያ ማቀያየር። «በየቀኑም ተራመድ» አለችኝ። በሦስት ሳምንት ለቀቀኝ። ሲለቀኝ ስፖርቱን ተውኩት። በአራተኛው ወር ሕመሙ ተመልሶ መጣ።

ለገና አገር ቤት ስገባ እናቴ ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አስራ አገኘኋት። «ኩላሊቴ ነው» ትላለች። እኛ አገር ወገቡን የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኩላሊቱን ነው። ለእኔም «አርፈህ ተኛ ልጄ» አለችኝ። ምክሯ ከፍቅር ነው፤ ግን ለተለመደው የወገብ ሕመም ቀናት ሙሉ መተኛት ጡንቻን ያደክማል እንጂ አያድንም። ወገብን ማሰርም ሕመሙ እንዳይመጣ እንደማይከላከል ተጠንቷል። እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ጊዜ ሳያጠፉ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ወጣሁ። ወጣቱም ሽማግሌውም ደረጃውን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዱብ ዱብ ይላል። ደስ አለኝ። እዚህ ለጂም በየወሩ የምንከፍል ስንቶቻችን ነን? እዚያ በነፃ ነው። ግን እናቴን የመሰሉ ሴቶች እምብዛም አላየሁም። «ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስል እየዋልኩ ደግሞ ምን ስፖርት?» ትለኛለች። ይህችኑ ቃል እዚህ ፓርኪንግ ውስጥ ቆመው ከሚውሉ ወንድሞቼ እሰማታለሁ። ሥራ ያደክማል፤ ልክ ነው። ግን ሥራ የሚያደክመው ያንኑ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ነው። የወገብንና የሆድን ጡንቻ እኩል አያጠነክርም።

በ2024 (እንደ ፈረንጆቹ) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ልቤን ነካው። 701 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ከወገብ ሕመም ገና ያገገሙ። ግማሾቹ በፊዚዮቴራፒስት እየተመከሩ ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን፣ 30 ደቂቃ ወደ መራመድ እንዲደርሱ ተደረገ። ሕመሙ በመካከለኛ ግምት በእነዚህ ላይ የተመለሰው ከ208 ቀን በኋላ ነው። በሌሎቹ ላይ ከ112 ቀን በኋላ። እኔ ያቆምኩት እኮ መጀመር በነበረብኝ ሰዓት ነው!

አሁን እናቴ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ታክሲ ትታ በእግሯ ትሄዳለች። መቀነቷን ግን አልፈታችም፤ እኔም አላስጨነቅኳትም። እኔ ደግሞ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ከመኪናው ወርጄ ሜዳውን እዞራለሁ። መጀመሪያ ብቻዬን ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት አራት ሆነን ዞርን።