ሃያ ስምንት ሳምንት ስንት ወር ነው?

አሜሪካ ያለች ሐበሻ ነፍሰ ጡር «ስንት ወርሽ ነው?» ስትባል መጀመሪያ ዝም ትላለች። ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ሐኪሟ የሚነግራት በሳምንት ነው፣ ስልኳ ላይ የጫነችው አፕሊኬሽን የሚቆጥርላት በሳምንት ነው፣ አብራት የምትሠራው ፈረንጅም የምትጠይቃት በሳምንት ነው። አዲስ አበባ ያሉ እናቷ ግን በስልክ የሚጠብቁት ወር ነው። ስለዚህ ሃያ ስምንትን ለአራት ታካፍልና «ሰባት ወሬ ነው እማዬ» ትላለች። እናት በጣታቸው ይቆጥሩና «እንግዲያ ሁለት ወር ቀራት» ብለው የገንፎውን እህል ማስፈጨት ይጀምራሉ። ሁለት ወሩ ያልፋል፤ ልጅቷ አልወለደችም። በዚህ ሒሳብ ከሄድን እኮ አርባው ሳምንት ሲሞላ አሥር ወር ሊሆን ነው! አሥር ወር ያረገዘች ሴት ደግሞ በእኛ ሰፈር ጸበል ትወሰዳለች።

አራት ሳምንት 28 ቀን ነው እንጂ ወር አይደለም። ሃያ ስምንት ሳምንት 196 ቀን ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ወር ከ16 ቀን። በዚያ ላይ መነሻውም ይለያያል። ሐኪሞች መቁጠር የሚጀምሩት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ያን ቀን ገና ምንም አልተፀነሰም። ሁለት ሳምንት ያህል ከፊት ተጨምሯል ማለት ነው። እናቶች ደግሞ ከፅንሱ ይነሣሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚጣሉት ስልክ ላይ ሲገናኙ ነው።

እኔ የታዘብኩት ፈረንጅ ወርን ለሒሳብ እንደማያምነው ነው። እውነቱንም ነው። 28 የሆነ ወር አለ፣ 30 የሆነ አለ፣ 31 የሆነ አለ፤ አዋቂው ሰውዬ ሳይቀር የቱ ስንት እንደሆነ ለማስታወስ ጡጫውን ጨብጦ የጣቶቹን አንጓ ሲቆጥር ታገኙታላችሁ። ጃንዋሪ 31 ላይ ቆማችሁ «የዛሬ ወር» ብትሉ የሚባለው ቀን ራሱ የለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊ የማዋለድ ሐኪም ፍራንዝ ኔግለ ስሙ የተሰጠው የመውለጃ ቀን ማስያ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ከወር አበባው ቀን ሦስት ወር ወደ ኋላ ሂድ፣ ሰባት ቀን ጨምር፣ ዓመቱን አንድ ከፍ አድርግ ይላል፤ ያው ዘጠኝ ወር ከሰባት ቀን መጨመር ነው። የታሰበው 280 ቀን፣ ማለትም አርባ ሳምንት፣ ለማግኘት ነው። ግን በእነሱ ካሌንደር ዘጠኝ ወር እንደ መነሻው 273 ቀንም 276 ቀንም ስለሚሆን ውጤቱ ከ280 እስከ 283 ይዋዥቃል። ሳምንት ግን ሁልጊዜ ሰባት ቀን ነው። ወደ ሳምንት የሸሹት ወደው አይመስለኝም።

አገር ቤት ይህ ጣጣ የለም። ወሩ ሁሉ 30 ነው። ጥቅምት 12 ሚካኤል ላይ የተበደረ ሰው «የዛሬ ሦስት ወር በሚካኤል እከፍላለሁ» ሲል ጥር 12 ነው፤ አበቃ፣ ማንም ወረቀት አያወጣም። ቀኑን ለማወቅ ለፈለገም ቀላል ነው፤ ወር ባለፈ ቁጥር ሁለት ቀን መጨመር ነው። ጥቅምት 12 ረቡዕ ከዋለ ኅዳር 12 ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12 እሑድ ይውላል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ይህንን በቃላቸው ሲያሰሉ አይቻለሁ፤ ኮሌጅ የበጠሱ ልጆቻቸው እዚህ ስልክ ይከፍታሉ። (ተበዳሪው በሚካኤል ይክፈል አይክፈል ሌላ ጉዳይ ነው፤ ካሌንደሩን አንወቅሰውም።)

ችግር ያለችው ጳጉሜን ላይ ናት። «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ስንል ያቺ አምስት ቀን ከየት መጣች? ቤተ ክርስቲያን ጌታ የተፀነሰበትን መጋቢት 29፣ የተወለደበትን ታኅሣሥ 29 ታከብራለች። መካከሉ ዘጠኝ ወር ነው፤ በመንገድ ላይ ጳጉሜን ስለምትገባ አምስት ቀን ይታከላል፤ ድምሩ 275። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ጊዜ ታዲያ ድምሩ እንዳይዛባ የሚቀጥለው ገና አንድ ቀን ቀደም ብሎ ታኅሣሥ 28 ይውላል። 2019 ላይ ጳጉሜን ስድስት ናት፤ የ2020 ገና ታኅሣሥ 28 ነው። ውጭ ያለነው «ገና ጃንዋሪ 7 ነው» ብለን ስለያዝነው ይህ ሲሆን እንኳ አናይም።

አዋላጅ ነርሶቻችንም የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። በወር አበባው ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ይጨምራሉ፤ መንገዱ ጳጉሜንን ካቋረጠ አሥሩ ቀርቶ አምስት፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች አራት። ጥቅምት 3 የነበረባት ሐምሌ 13 ትጠበቃለች፤ ሚያዝያ 3 የነበረባት ጥር 8። ሁለቱም ልክ 280 ቀን ነው። በኔግለ ዘዴ ከመዋዠቅ ይህ ይሻላል ብል አገሬን ስለምወድ ብቻ አይደለም።

በገንዘብ ጉዳይ ግን እዚያው አገር ቤት ጳጉሜን ትረሳለች። ደሞዝተኛው በዓመት የሚቀበለው 12 ደሞዝ ነው፤ የጳጉሜኗን ሥራ እንደ ምርቃት ይሠራታል። አከራዩም በተለምዶ የጳጉሜን ኪራይ አይጠይቅምና ይቻቻላሉ። አሜሪካ ኪራይ በወር ነው፣ ደሞዙ ግን ለብዙው ሰው በየሁለት ሳምንቱ፤ በዓመት 26 ጊዜ። ስለዚህ ሦስት ጊዜ የሚከፈልባቸው ሁለት ወሮች አሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ዕቁብ የሚጥል ሰው እነዚያን ሁለት ወሮች ከልደቱ ቀን አስቀድሞ ያውቃቸዋል።

ቀልዱ የሚያልቀው ወረቀት ላይ ነው። ልጃቸውን ሊያርሱ አሜሪካ ለሚመጡ እናት ድንበር ላይ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣቸዋል። ያ ስድስት ወር በእናት ጣት 180 ቀን ነው፤ በፈረንጅ ካሌንደር እንደ መነሻው ከ181 እስከ 184። እዚህ ላይ ስሕተቱ ለደግ ነው፤ በጣት የቆጠረ ቀድሞ ይወጣል። ጳጉሜን መሐል ከገባች ግን ስድስቱ ወር 185 ይሆንና ቀኑ ያልፋል። ድንበር ላይ በተያዘላቸው የመግቢያ መዝገብ ላይ የሠፈረውን ቀን ማየት ይሻላል። አውሮፓ ደግሞ ይብሳል። የሼንገን ቪዛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም፤ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው የሚለው። ከጁላይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ወር ነው፣ ቀኑ ግን 92። «ሦስት ወር ተሰጥቶኛል» ብሎ እህቱ ቤት የከረመ ሰው ሁለት ቀን አሳልፏል፤ ፓስፖርቱን የሚያገላብጠው ፖሊስ ደግሞ መግቢያውንም መውጫውንም ቀን ቆጥሮ ነው የሚጠብቀው።