«አንድ ስልት ያዝ» የሚለው ምክር አይዋጥልኝም

ባሕር ዳር ከተማ ተቀምጦ ዜማ የሚደርስ፣ የሚያቀናብርና ራሱ ቀርጾ የሚያወጣ ሰው ከአንድ ምክር አያመልጥም፦ «አንድ ስልት ያዝ።» ዛሬ ሬጌ፣ ነገ እስክስታ፣ ከነገ ወዲያ በዋሽንት ብቻ የተሠራ ግጥም የሌለው ሙዚቃ የሚያወጣ ሰው አድማጭ ያደናግራል፤ የእኔ የሚለው ድምፅ የለውም፤ ወጥ ሥራም አይወጣውም ይባላል። ምክሩን የሚሰጡኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም አይዋጥልኝም።

ብዙ ስልት መሥራት ከምርጫ በፊት የእንጀራ ጉዳይ ነው። እዚህ ከተማ ከማንም አሳታሚ ጋር ያልተዋዋለ የሙዚቃ ሰው በምን ይኖራል? በሠርግ ኪቦርድ፣ በዱቄት ማስታወቂያ፣ በትምህርት ቤት ምረቃ መዝሙር፣ በአጭር ፊልም ማጀቢያ። ገበያው ይህን ሁሉ ካሠራው በኋላ ዞር ብሎ «ለመሆኑ አንተ ምንድን ነህ?» ይለዋል። ዘፈን በኢንተርኔት የሚያሰራጩት ድርጅቶችም ያው ናቸው። ፋይሉን ከመጫናችሁ በፊት ከተዘጋጀ ዝርዝር ዋና ዘውግ ምረጡ ይላሉ። ማሲንቆ ካለበት አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈን «ወርልድ» የሚለው ሳጥን ነው። (ዓለሙን ሁሉ እዚያ ስላጎሩት ቢያንስ ጎረቤት አይቸግረንም።)

ደግሞስ በዚህ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ያለው ድምፅ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል? ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ማኅሌት ሲቆም ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ከዝግታ ተነሥተው እየፈጠኑ ይሄዳሉ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ራሱ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ቤተ ልሔምና አጫብር የሚባሉት የዜማ ትምህርት ቤቶች ሊቃውንት ሁለቱም የያሬድ ልጆች ናቸው፤ አዜማመማቸው ግን ለየቅል ነው። ያሬድን ግን «አንድ ስልት ይዘህ ቢሆን ኖሮ» ያለው የለም። ከተማው ውስጥ ማታ ማታ አዝማሪው በማሲንቆ እንግዳውን እያወደሰና እየነካካ ያመሻል። በእንጅባራ በኩል ወጣ ብትሉ የአገው ጭፈራ ትከሻውንም እግሩንም በሌላ ምት ያንቀሳቅሰዋል። ይህን ሁሉ ሲሰማ ያደገ ጆሮ አንዱን ብቻ ልያዝ ቢል ነው የሚገርመኝ።

ከውጭ መቀበሉም አዲስ ነገር አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በናስ መሣሪያ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ የዛሬው «የድሮ ዘፈን» አንዱ ምንጭ ያኔ ገባ። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን የተማረውን ከቅኝቶቻችን ጋር አገናኝቶ ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023 እ.ኤ.አ.) በፒያኖ ብቻ የያሬድን ዜማም የአውሮፓን ሙዚቃም አንድ ላይ አሰሙ። እማሆይን የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደምንጨምራቸው እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ሁለት ኖታ ሲመቱ ግን ማን እንደሆኑ ለማወቅ የሚቸገር ያለ አይመስለኝም።

ወጥነት የሚጠፋው ሌላ ቦታ ነው። ከቅኝቶቻችን፣ ማለትም ዜማ ከሚሠራባቸው የአምስት ድምፅ ስብስቦች፣ አንዱን አምባሰልን ልውሰድ። በኪቦርድ ነጭ ቁልፎች ብቻ ይወጣል፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። መነሻውም ማረፊያውም ሚ ነው። እስቲ አሁን ሚ ላይ የሚቆም ኮርድ፣ በአንድ ጊዜ የሚመታ የሦስት ድምፅ ጥምር፣ ፈልጉ። የለም። ለማይነር ሶል፣ ለሜጀር ደግሞ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ሶል ያስፈልጋል፤ ቅኝቱ ውስጥ ግን አንዱም የለም። ከአምስቱ ድምፆች የሚገኙት ሦስት ድምፅ ያላቸው የተለመዱ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ላ ማይነርና ፋ ሜጀር። የቸኮለ አቀናባሪ ላ ማይነርን ይዞ ይገባል። ያን ጊዜ የአድማጩ ጆሮ ማረፊያውን ከሚ ወደ ላ ያዛውራል። ከላ ተነሥታችሁ እነዚያኑ ድምፆች ቁጠሩ፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ይህ ትዝታ ማይነር የሚባለው ሌላ ቅኝት ነው። ዘፋኟ አምባሰል እየዘፈነች ባንዱ ከሥሯ ትዝታ ይመታል ማለት ነው። ብዙ ሰው «ይህ ዘፈን አንድ ነገር ጎደለው» የሚለው፣ ምን እንደጎደለው ግን ለመናገር የሚቸገረው ይህን የመሰለ ነገር ሲገጥመው ይመስለኛል።

እንግዲህ ይህ ጥፋት «ባህላዊ» ተብሎ በሚሸጠው ዘፈን ውስጥ ሞልቷል። ጥበብ ለብሰው፣ ጎተራ አጠገብ ቆመው በተቀረጹ ክሊፖች ውስጥ ሳይቀር። እኔ ደግሞ በአምባሰል ሬጌ ስሠራ ጊታሩ ሚና ሲን ብቻ እንዲመታ አደርጋለሁ። ቤዙ ሚ ላይ ይቆማል፤ ከቆመበት ሲነሣም እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ የራሱን ዜማ ይዞ ይሄዳል። ኮርዱን ማይነር ወይም ሜጀር የሚያደርገው ሦስተኛው ድምፅ ባዶ ይቀራል፤ ባዶነቱ ራሱ አምባሰል ነው። በገና ላይም ኮርድ የሚባል ነገር የለም፤ አሥሩ አውታር እያንዳንዱ ከእንዝራው፣ ከሥሩ ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ጋር እየነዘረ ቦታውን ይሞላዋል። ከበገናው የተማርኩትን ሬጌው ውስጥ ብጠቀምበት ስልት ደባለቅክ ልባል አይገባም። ታዲያ «ባህላዊ» ከተባለው ዘፈንና ከእኔ ሬጌ የትኛው ለቅኝቱ ይቀርባል? የእኔ ሬጌ ነው ብዬ ስል ትዕቢት ቢመስልም አልመለስም።

ይህን ስል ያገኘውን ሁሉ የሚነካካውን እየተሟገትኩለት አይደለም። የእስክስታን ምት በስድስት ቆጥሮ ኮምፒዩተሩ ላይ መሥመር በመሥመር ካስተካከለው በኋላ «ጎጃም ነው» የሚል ሰው ጎጃምን አላገኘውም፤ ጨፋሪው የሚጠብቃት ትንሽ መዘግየት እዚያው ማሽኑ ውስጥ ቀርታለች። ከማኅሌት የሰሙትን አንሥቶ ጭፈራ ቤት ማስገባትንም አልወደውም። በስልት ጉዳይ ጠበቅ ካልን የምንጠብቀው እዚህ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የስም ነገር ነው። ስለ ወጥ ሥራ አጥብቀው ከሚከራከሩት አንዳንዶቹ የቆየ የጎጃም ሠርግ ዜማ አንሥተው፣ ከበሮ ጨምረው፣ ከሥሩ «ዜማ፦ እገሌ» ብለው የራሳቸውን ስም ይጽፋሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅንብርን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ ይጠብቃል፤ የተቀነባበረውን ዜማ ግን የአቀናባሪው አያደርገውም። «የሕዝብ ዜማ፣ ቅንብር እገሌ» ብሎ መጻፍ ማንንም አያሳንስም። እኔ ራሴ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ያወጣልኝን የዜማ መታጠፊያ ይዤ ዘፈን ሠርቼ ነበር። ስሙን ከኔ ስም ጎን አስገብቼ ሰጠሁ፤ ሥራው ሲወጣ የዘፋኙ ስም ብቻ ተጽፎ አገኘሁት። «ቦታ አልነበረም» ተባልኩ።

በካሴቱ ዘመን ሽፋኑ ላይ ዜማ፣ ግጥምና ቅንብር የማን እንደሆኑ በደቃቅ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ሰፈር ውስጥ እየተቀባበልን እናነበው ነበር። ዛሬ ስልኩ ላይ የሚወጣው የዘፋኙ ፎቶ ነው። የከተማችን የሬዲዮ አዘጋጆች «እነሆ ተወዳጁ ዘፈን» ከማለታቸው በፊት የዜማ ደራሲውን፣ የገጣሚውንና የአቀናባሪውን ስም ቢያነቡ አሥር ሰከንድ አይወስድባቸውም። ሬጌ ይሁን እስክስታ አድማጩ ራሱ ይለየዋል።