«ስንቁን በስንት ሰዓት ነው የሚቀበሉት?»

እዚህ ቨርጂኒያ አብረን የምናስቀድስ አንዲት እናት፣ ልጃቸው በካውንቲ (በአካባቢ አስተዳደር) እስር ቤት በገባ በማግሥቱ ሲደውሉልኝ የጠየቁኝ ስለ ክሱም ስለ ጠበቃውም አልነበረም። «ልጄ፣ ስንቁን በስንት ሰዓት ነው የሚቀበሉት?» አሉኝ። ወጡ ተሠርቶ፣ እንጀራው ተጠቅልሎ፣ ሁሉም በፌስታል ታስሮ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ምግብ ከውጭ እንደማይገባ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ምን ይዤ ልሂድ?» አሉ። ባዶ እጅን እያወዛወዙ እስረኛ መጠየቅ በእርሳቸው ዘንድ ነውር ነው።

አገር ቤት እስረኛ መጠየቅና ስንቅ ማቀበል ሁለት ነገር አይደለም። ቃሊቲ በር ላይ የሚሰለፉ እናቶችና ሚስቶች መታወቂያቸውን አሳይተው፣ ያመጡትን ከፍተው፣ «ቅመሺ» ሲባሉ ከገዛ ወጣቸው ይቀምሳሉ። ድካሙንም ወጪውንም አላቃልልም፤ አንድ ሰው ሲታሰር በየቀኑ ለሁለት ቤት የሚያበስሉ ስንት ሴቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ባዶው ሳህን ተመልሶ ሲወጣ መልስ ነበር፤ በልቷል፣ ደህና ነው ማለት ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ በዓለም በቃኝ እስር ቤት ደጅ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» የተባለ ቤተሰብ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልገውም ነበር። የኢትዮጵያ ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም ሲያድል የኖረው በአብዛኛው በሳጥን ቁጥር እንጂ በየቤቱ ባለመሆኑ፣ ለእስረኛ በፖስታ መጻፍን ብዙም አለመድነውም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከወዳጁ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘትና የመጎብኘት ዕድል እንዲያገኝ ሲደነግግ በዓይነ ኅሊናው ያየው በር ላይ የቆመ ሰውን ይመስለኛል።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። እስረኛውን የሚያበላው ካውንቲው ነው፤ ቤተሰብ በእጁ ነክቶ ሊያስገባለት የሚችለው ነገር ቢኖር ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ለእኚህ እናት ደብዳቤው ስንቅ እንደሆነ ነገርኳቸውና ለመጻፍ ተቀመጥን።

መጀመሪያ የላክነው ተመልሶ መጣ። ጥፋቱ የስም ነበር። እናቱ የጻፉት ቤት የሚጠራበትን ስምና የአባቱን ስም ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀድሞ ተጽፏል፣ የላቲን ፊደሉም ከእኛ አጻጻፍ በሁለት ሆሄ ይለያል። እስር ቤቱ የሚያውቀው የተመዘገበውን ስምና የእስረኛ ቁጥሩን ብቻ ነው። የላኪው ስምና አድራሻ ካልተጻፈም ብዙ ቦታ አይቀበሉም። ከ3,000 በላይ ካውንቲዎች ባሉበት አገር፣ እስር ቤቱም አብዛኛውን ጊዜ በሕዝብ በሚመረጥ ሸሪፍ (የካውንቲው የፖሊስ ኃላፊ) በሚተዳደርበት ሥርዓት፣ አንዱ የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል፤ የጎረቤት ካውንቲ ልምድ ለምንም አይጠቅምም። በአንዳንዱ ቦታ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ የሚያነበው ሰው እስኪገኝ ይቆያል። (ገንዘብ ግን ቋንቋ አያውቅም፤ የአገልግሎት ክፍያው ተቆርጦ ለኮሚሰሪ (ለእስር ቤቱ ሱቅ) የሚላከው ዶላር በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል።)

ሁለተኛውን ፖስታ ላሽግ ስል ጣቴን አመድ ቢጤ ነካኝ። እናቲቱ ከገዳም የመጣላቸውን እምነት (የተባረከ አመድ) በብጣሽ ወረቀት ቋጥረው ከደብዳቤው እጥፋት ውስጥ ሸጉጠውታል፤ ግንባሩን እንዲቀባበት ነው። በጎርጎርዮሳዊው 2001 በፖስታ የተላከ አንትራክስ የተባለ ገዳይ ተህዋሲ አምስት ሰዎችን በገደለበት አገር፣ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት የያዘ ደብዳቤ እስር ቤት ሲደርስ ምን እንደሚያስከትል ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ለእምነት እንዲህ ይፈራል?» ብለው ታዘቡኝ። ሽቶ፣ የከንፈር ቀለም፣ ተለጣፊ ሥዕል፣ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ፣ እነዚህም በብዙ ቦታ የተከለከሉ ናቸው፤ መጽሐፍም ቢሆን ከቤት ሳይሆን በቀጥታ ከአሳታሚ ወይም ከሻጭ እንዲላክ ይጠይቃሉ። የእርሳቸውን ዳዊት መላክ አይታሰብም ማለት ነው።

ይህም ሲያንስ ነው። በዚሁ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2007 በአሪዞና የማሪኮፓ ካውንቲ ከፖስት ካርድ በቀር ሌላ ደብዳቤ እንዳይገባ ወሰነ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ2013 አንድ የፌዴራል ዳኛ በኦሪገን የኮሎምቢያ ካውንቲ ያወጣው ተመሳሳይ ደንብ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደበት። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ረቀቀ። በካሊፎርኒያ የሳን ማቴዮ ካውንቲ በ2021 ደብዳቤዎቹ ፍሎሪዳ ወዳለ ኩባንያ እንዲላኩ አደረገ፤ እዚያ በስካነር ይነሣሉ፣ እስረኛው ምስሉን በታብሌት ያያል፣ ዋናው ወረቀት ግን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይወገዳል። በዚህም ላይ በ2023 ክስ ቀርቧል። ምክንያት አድርገው የሚያነሡት በአደንዛዥ ዕፅ የተነከረ ወረቀት መግባቱን ነው፤ ውሸት አይደለም፣ ይገባል። ነገር ግን ዕፅ በደብዳቤ ብቻ የሚገባ ይመስል የእናትን የእጅ ጽሑፍ ከልጇ መለየት መፍትሔ መባሉ አልተዋጠልኝም። የቃሊቲው ጠባቂ እንኳ ወጡን አስቀምሶ ያስገባዋል እንጂ ወጡን ደፍቶ ፎቶውን አያሳይም።

የእኛ ልጅ ያለበት እስር ቤትም እንዲሁ እያነሣ የሚያሳይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለእናቲቱ ለመናገር ሁለት ቀን ፈራሁ። ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው «የሚያየው ፎቶውን ከሆነ እነርሱስ ጋ ፎቶው ቢሄድ ምናለበት?» አሉ። ቤተ መጻሕፍት ሄደን በዐሥራ አምስት ሳንቲም ኮፒ አስነሣን፤ ኮፒውን በፖስታ አሽጌ ላክሁት። ዋናውን፣ እምነቱን እንደ ቋጠሩበት፣ ሲወጣ እንዲሰጡት ዳዊታቸው መሐል አስገብተውታል።