ሀዋሳዎች፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ አልኮል አታፍሉ

እናንተ የሀዋሳ ልጆች እስቲ ስሙኝ፣ ዛሬ የምቆጣችሁ ስለ ጋንጃው አይደለም፣ ስለሱ እናቶቻችሁም ፖሊስም ሲጮሁባችሁ ኖረዋል አንድም ቀን አልሰማችሁም፣ እኔን ያንገበገበኝ አልኮሉ ነው። ቲክቶክ ላይ አንዱ ቅጠሉን በአልኮል አጥቦ አልኮሉን አትንኖ ጥቁር ዘይት ሲያወጣ አያችሁና በቃ ሁላችሁም ኬሚስት ሆናችሁ።

ባለፈው ክረምት እኛ ጊቢ ሰርቪስ የተከራየ አንድ ልጅ (ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰላምታ አያልፍም) ሽታው እንዳይወጣበት መስኮቱን በፌስታል ደፍኖ በሩ ስር ብርድ ልብስ ወትፎ ድስቱን ስቶቭ ላይ ጥዶ ቁጭ ብሏል። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ክሊኒክ ክሊኒክ የሚል ነገር ሸተተኝ። ጎረቤታችን ደግሞ እዛው አጠገቡ ቡና ልታፈላ ከሰል ታራግባለች፣ በመሃላቸው ያለው ኮምፔርሳቶ ብቻ ነው። ኧረ ከሰሉን አንሺ ብዬ ሳልጨርስ ቦግ አለ፣ ከሷ ከሰል ሳይሆን ከራሱ ስቶቭ። ልጁ ሮጦ ሲወጣ እሳት አላየሁበትም ተመስገን ብዬ ነበር፣ ለካ የአልኮል ነበልባል ፈዛዛ ሰማያዊ ስለሆነ ፀሐይ ላይ አይታይም፣ የሸሚዙ እጅጌ ሲኮማተር ነው የገባኝ።

አሁን ይሄን ልብ በሉ። ንጹህ አልኮል ገና 13 ዲግሪ አካባቢ ላይ እሳት የሚቀበል ትነት ይሰጣል፣ የሀዋሳ ቀን ደግሞ 25ን የሚያልፍ ነው፣ ስለዚህ ሳትጥዱትም ክዳኑን ስትከፍቱት ጀምሯል ማለት ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ለወለል እየተሳበ ሄዶ ያገኘው ከሰል ወይ ሶኬት ጋ ይደርሳል። አንድ ሊትር ሙሉ በሙሉ ቢተን ሁለት በሦስት የሆነች ክፍል አየሯን በሙሉ ተቀጣጣይ ለማድረግ ይጠጋል፣ እናንተ ደግሞ ፖሊስ እንዳይሸተው ብላችሁ መስኮቱን ትደፍናላችሁ! የአርሲ ነጌሌ አረቄ የሚያወጡት እናቶች እንኳ ትነቱን ቤት ውስጥ አይለቁትም፣ እነሱ እንደናንተ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም።

ደግሞ ለጽዳት የሚሸጠውን አልኮል ገዝቶ እሱም ያው ነው የሚል አለ። ያው አይደለም። እንዳይጠጣ ተብሎ ሜታኖል የሚጨመርበት አለ፣ ሜታኖል ማለት ዓይን የሚያጠፋው ነው፣ በሱ የተሠራን ነገር ለሰው ታቀምሳላችሁ። ዘይቱ ራሱ ቢሳካ እንኳ ቅጠሉ ውስጥ ከነበረው በብዙ እጥፍ የጠነከረ ነው፣ ስንት ጠብታ ስንት እንደሆነ ማንም አልለካውም፣ ልቡ እየደለቀ ሞትኩ ሞትኩ እያለ ሲያስመልስ ያደረን ልጅ አውቃለሁ። ካንሰር ያድናል እያላችሁ ለታመመች እናቱ ልሥራላት የሚለውን ልጅ የምታታልሉት ደግሞ ነውር ነው፣ በሰው ላይ ተሞክሮ ካንሰር እንደሚያድን አልተረጋገጠም፣ ሕክምናዋን ካቆመች ማን ነው የሚጠየቀው?

ስለ ሕጉም በአጭሩ ልንገራችሁ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 እፅ ማምረትን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ነው የሚቀጣው።

ልጁ ሲቃጠል ደግሞ ጊቢው ሁሉ ኮልጌት አምጡ እንቁላል አምጡ ማለት ጀመረ። ኧረ በፈጣሪ! የተቃጠለ ሰው ላይ ምንም አይቀባም፣ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው፣ ቧንቧው ከሄደ ከሮቶ ቅዱ። ድስት ከነደደባችሁም አንስታችሁ ወደ ውጪ አትሩጡ እግራችሁ ላይ ነው የሚፈሰው፣ ከቻላችሁ በብረት ክዳን ግጠሙት፣ ካልቻላችሁ ጥላችሁ ውጡና ጎረቤቱን አስወጡ። ከባድ ቃጠሎ ከሆነ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ድረስ ሪፈር ልትባሉ ትችላላችሁ፣ 270 ምናምን ኪሎሜትር በተላጠ ቆዳ።

ልጁ እጁ ድኖለታል፣ ቅንድቡ ግን ገና ነው። ባለፈው ሳምንት ምን ይዞ መጣ፣ ቬንትሌተር! አየሩን ላስወጣ ብዬ ነው ይለኛል። የቬንትሌተር ሞተርና ማብሪያው ራሱ ብልጭታ ሊሰጥ ይችላል ወንድሜ አልኩት። ቀምቼው እኔ ቤት አለ፣ ሙቀት ሲሆንበት ድስቱ ባዶ መሆኑን አሳይቶኝ ይውሰድ።