ጥይት የማይነካው ካራክተር፦ በሮልፕሌይ ኃይል ይገደብ ወይስ ይለቀቅ?

ክርክሩ የመጣው በቴሌግራም በጽሑፍ ከምንጫወተው ሮልፕሌይ ነው። ዓለማችን የድሮው አራዳ ነው። ጊዜው 1950ዎቹ፣ ቦታው ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ውቤ በረሃን ጨምሮ። ሊስትሮ አለ፣ ዱርዬ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ አስማት የሚያውቅ ደብተራም አለ። ሁሉም የራሱን ካራክተር ይዞ የሚያደርገውንና የሚናገረውን ይጽፋል፣ ሌላው ደግሞ ይመልስለታል። በቅርቡ አንድ ደብተራ ሦስት ፖሊሶች በቅርብ ርቀት ሲተኩሱበት አንድ ጥይት እንኳ ሳይነካው በአፍዝ አደንግዝ አደንዝዟቸው ሽጉጣቸውን ሰብስቦ ሄደ። ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። አንድ የሕግ ሐሳብም ቀረበ፦ ማንኛውም ኃይል ገደብና ዋጋ ይኑረው፣ የቆሰለም በእውነተኛው ዓለም በሚድንበት ፍጥነት ይዳን፣ ሲያከራክር አድሚን ይወስን። ሐሳቡን የምትደግፈው ከፒያሳ፣ የሚቃወመው ከካዛንቺስ ይጽፋሉ።

ከፒያሳ፦

በቀጥታ ልናገር። እኔ አስማት አልጠላም፣ ደብተራው ይባረር ያለም የለም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ከሦስቱ ፖሊሶች አንዱን የሚጫወተው ልጅ ግሩፑ ውስጥ አዲስ ነው። ለዚያች ትዕይንት ሦስት አንቀጽ ጽፏል። ከሲኒማ ኢትዮጵያ ጀርባ እንዴት እንዳደፈጠ፣ የካፖርቱ ቁልፍ አልፈታ ብሎ እንዴት እንዳስቸገረው፣ ሽጉጡን ሲያወጣ እጁ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ። ደስ የሚል ጽሑፍ ነበር። መልሱ ምን ሆነ? «ጥይቱ አልፎት ሄደ፣ ደብተራው ሳቀ፣ ሁሉም ፈዘው ቀሩ።» አለቀ። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።

ጎድሞዲንግ የሚባለው ይሄ ነው። የሌላው ሰው እርምጃ ምን ውጤት እንዳመጣ አንተው ወስነህ መጻፍ። «ሁሉም ፈዘው ቀሩ» ያለው ተጫዋች የሦስት ሰው ካራክተር ከእጃቸው ነጥቆ እሱ ጻፈላቸው። ይፍዘዙ አይፍዘዙ የሚለውን መመለስ የነበረባቸው ባለቤቶቹ ናቸው።

ሪያሊስቲክ እንሁን የምለው ለዚህ ነው። እውነታ ሁላችንም የምናውቀው ዳኛ ነው። ጥይት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ አንተም እኔም እናውቃለን። ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን ሮጦ ፒያሳ የወጣ ሰው ትንፋሽ እንደሚያጥረው እዚህ ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይከራከርበትም። አስማት ግን የት ድረስ እንደሚሄድ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። ዛሬ ሦስት ሰው ያደነዝዛል፣ ነገ ሠላሳ፣ ከነገ ወዲያ ከተማውን በሙሉ፣ እና በየትኛው ነጥብ ላይ «ኧረ ይሄስ በዛ» ማለት እንደምንችል ማንም አስቀድሞ ስላልተነጋገረ፣ የተናገረው ሰው ቅናተኛ ይባላል።

ጂቲኤ 5 በሚባለው የቪዲዮ ጌም ላይ ሮልፕሌይ የሚጫወቱ ሰዎች ይሄን ቀድመው አይተውታል። ብዙዎቹ ሰርቨሮች፣ ማለትም ሰዎቹ ተሰብስበው የሚጫወቱባቸው የኦንላይን ቦታዎች፣ አንድ ሕግ አላቸው፦ ሽጉጥ ከተደገነብህ መፍራት ግዴታህ ነው። እጅህን ታነሳለህ። ጌሙ ላይ ብትሞት ተመልሰህ እንደምትነሳ አንተ ታውቃለህ፣ ካራክተርህ ግን አያውቅም። ሕጉን የሚሰብር ተጫዋች ይቀጣል። ይሄ ሕግ ባይኖር ሽጉጥ የያዘም ያልያዘም እኩል ይሆን ነበር። አስፈራርቶ የሚዘርፍ ሌባ መጫወት ራሱ አይቻልም ነበር።

ከካዛንቺስ፦

የልጁ ነገር እኔንም አሳዝኖኛል፣ እሱ ላይ አንጣላም። ያ መልስ ስንፍና ነው። ስንፍናን ግን በሪያሊስቲክ ሕግ አታክሚውም። ያው ሰነፍ ተጫዋች ነገ ፖሊስ ሆኖ ይመጣና «ተኮስኩ፣ ሞተ» ብሎ በአንድ መስመር ይጽፋል። በጣም ሪያሊስቲክ ነው። አንቺም ሞተሻል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ ተጫዋች እንዲህ ብሎ ቢጽፍ፦ ካራክተሬ ሯጭ ነው። ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማራቶን ሮጠ፣ አንደኛ ወጣ፣ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ሰበረ፣ ከጨረሰም በኋላ ሜዳው ላይ ጋደም ብሎ እግሩን እያፍታታ ስፖርት ሠራ። የእናንተ ሕግ ያሳልፈዋል? አድሚኑ ወዲያው ነው የሚያጠፋው። «ቁስል በእውነተኛው ዓለም ፍጥነት ይዳን» ይለዋል። ግን ይሄ ሆኗል። አበበ ቢቂላ፣ ቶኪዮ፣ ጥቅምት 1957 ዓ.ም.። ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሮም ላይ በባዶ እግሩ። ሪያሊስቲክ እያላችሁ የምትጽፉት የተራ ሰው ልክ ነው። ሰው ታሪክ የሚጽፈውና የሚያነበው ደግሞ ስለ ተራ ቀን አይደለም፣ ከልኩ ስላለፈ ሰው ነው።

የዚህ ጨዋታ ሁሉ አባት የሆነውን እንይ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን የጠረጴዛ ሮልፕሌይ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡት ቁስልን በነጥብ ነው የቆጠሩት። ነጥቡ እስኪያልቅ ድረስ ተዋጊው ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይዋጋል። ክንዱ አይዝልም፣ አያነክስም። ይሄ እውነታ ነው? አይደለም። ሰው ግን እስከ ዛሬ እየተጫወተው ነው፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ተመትቶ ምሽቱን ሙሉ አልጋ ላይ የሚያቃስት ሰው መሆን ማንንም አያስደስትም። እኛስ? በጥይት የቆሰለ ሰው ሁለት ወር ይተኛል ብንል፣ ያ ተጫዋች ሁለት ወር ምን ይጻፍ?

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ከሁሉም ይከብደኛል። የ1950ዎቹን አራዳ እንደነበረው እንጫወት ካልን ኃይል የማን ነው? የባለሥልጣኑ፣ የመኮንኑ፣ የባለሀብቱ። ሊስትሮ የሚጫወተው ልጅ ጫማ ይጠርግ ማለት ነው። አንቺ ራስሽ የምትጫወቻት ጠጅ ቤት ያላት ሴት ናት። በእውነተኛው 1950ዎቹ የፖሊስ አዛዡ በአንድ ቃል ያዘጋባት ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ አለቃ ስሰማ ውዬ፣ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኬን ስከፍት፣ እዚያም ውስጥ አቅመ ቢስ እንድሆን የሚያዘኝ ሕግ አልፈልግም። ደብተራ የሚመርጡ ሰዎች ለምን እንደሚመርጡት ይገባኛል።

ከፒያሳ፦

አበበን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ግን ታሪኩን ቶኪዮ ላይ ለምን አቆምከው?

ጥቅምት 1961 ዓ.ም.፣ ሜክሲኮ ሲቲ። ያው አበበ ሦስተኛ ወርቁን ሊወስድ ተሰለፈ። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ እግሩን አሞት አቋርጦ ወጣ። ማን አሸነፈ? ማሞ ወልዴ። አሁን ንገረኝ፣ ደብተራውን የሚጫወተው ሰው አበበን ቢጫወት ኖሮ ሜክሲኮ ላይ እግሩን ያመው ነበር? በፍጹም። ሦስተኛውን ወርቅ ይጽፈዋል፣ ማሞ ሁለተኛ ይወጣል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ማሞን የሚጫወተው ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ከግሩፑ ይወጣል።

ኃይል ገደብ ይኑረው ስል ለማሞ ቦታ ይኑር ማለቴ ነው። አበበ ጠንካራ አይሁን አላልኩም። ደግሞ የቶኪዮው አበበ ከሰማይ አልወረደም። የክቡር ዘበኛ ወታደር ነው፣ ኦኒ ኒስካነን ያሠለጠነው፣ በየቀኑ የሮጠ። ያንን ልፋት ጽፎ ለሚያመጣልኝ ተጫዋች ቶኪዮን በደስታ እሰጠዋለሁ። ደብተራችን ግን አስማቱን የት ተማረ? ከማን? ስንት ዓመት ፈጀበት? አንድም ቀን አልጻፈም።

የ1974ቱንም ጨዋታ ግማሹን ነው የነገርከን። እዚያ ውስጥ ጀማሪ አስማተኛ በቀን አንድ ድግምት ብቻ ነበረው። አንድ። እሱን ከጨረሰ ጨረሰ። በአንድ ምት የሚሞትበት ጊዜም ብዙ ነው። ስለዚህ ከጓደኞቹ ኋላ ይቆማል፣ ድግምቱን መቼ እንደሚያወጣው እያሰበ ይጨነቃል። ኃይሉ ዋጋ ስላለው ነው ሌሎቹ ከጎኑ የሚያስፈልጉት። የኛ ደብተራ ማንን ይፈልጋል?

ወደ ጠጅ ቤቴ ልምጣ። አዎ፣ አዛዡ በአንድ ቃል ሊያዘጋብኝ ይችላል። ለዚህ እኮ ነው ለምክትሉ በዱቤ የምቀዳለት። ማን ስንት እንዳለበት የምጽፍበት ደብተር አለኝ፣ ጓዳ ውስጥ ከጌሾው ጆንያ ሥር ነው የማስቀምጠው፣ ግማሹ ጣቢያ እዚያ ውስጥ አለ። አዛዡ አንድ ቀን ሊዘጋኝ ሲመጣ ምክትሉ በሩ ላይ ቆሞ ላብ በላብ የሆነበት ትዕይንት አንተም «ምርጥ» ብለህ የጻፍክበት ነው። አዛዡን በአስማት ማደንዘዝ ብችል ኖሮ ያ ደብተር ለምን ያስፈልገኛል? አቅም ማጣቴ ነው ያጻፈኝ። ሊስትሮውም እንደዚያው ነው። ጫማ የሚጠርግ ልጅ አጎንብሶ የሁሉንም ወሬ ይሰማል። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ከፖሊሱ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

የቁስሉን ነገር እሰማሃለሁ። የታሪኩ ቀን ከኛ ቀን ጋር እኩል መሄድ የለበትም። «ከሁለት ወር በኋላ» ብሎ መዝለል ይቻላል። ግን ሲመለስ ያነክስ፣ ወይም ጠባሳውን የሚያይ ሰው ይኑር። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ አይምጣ።

ከካዛንቺስ፦

የማሞ ነገር ትክክል ነው፣ መልስ የለኝም። ጠጅ ቤቱም እውነት ነው። ግን ይሄ ሁሉ የሚያሳየው አንቺ ጎበዝ ጸሐፊ መሆንሽን ነው። ሕጉ የሚወጣው ግን ለሁላችንም ነው፣ እና የሕጉን የመጨረሻ መስመር አንቺም ዘለልሽው። «ሲያከራክር አድሚን ይወስን» ይላል።

ባለፈው ሰፈራችን መብራት ጠፋ። ስልኬ ባትሪው አልቆ ከትዕይንቱ መሀል ወጣሁ። መብራት ሲመጣ ስገባ የኔ ካራክተር፣ ያ ዱርዬ፣ ተይዞ ጣቢያ ታስሯል። ማን አሳሰረኝ? ለምን ብዬ ስጠይቅ «መንገድ መሀል ዝም ብሎ የቆመ ሰው በእውነታው ይያዛል» ተባልኩ። አየሽ፣ እሱም ጎድሞዲንግ ነው። ካራክተሬን ከእጄ ነጥቀው ጻፉልኝ። ልዩነቱ አስማት አልተጠቀሙም፣ እውነታን ተጠቀሙ። እና በእውነታ ስም ሲሆን ማንም አልተቆጣም።

እዚህ ግሩፕ ውስጥ ትልቁ ኃይል የደብተራው አይመስለኝም። ትልቁ ኃይል ፓኬጅ የማያልቅበት፣ ቀኑን ሙሉ ኦንላይን የሚውል ሰው ኃይል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ያነበበ ሰው። ሽጉጡ ስንት ጥይት ይይዛል፣ በስንት ሜትር ይመታል የሚለውን የሚያውቅ ሰው ሪያሊስቲክ በሚባል ክርክር ሁሌ ያሸንፋል። ትናንት የገባችው የ17 ዓመት ልጅ ይሄን አታውቅም። በሷ ላይ ስንቱን «ይሄ ሊሆን አይችልም» እያላችሁ ልታጠፉ ነው?

እኔ የምለው ቀላል ነው። ማንም ሰው በሌላው ላይ የሚጽፈው ሙከራውን ብቻ ይሁን። «ተኮስኩ» ይበል፣ «መታሁት» አይበል። «አፍዝ አደንግዙን ደገመ» ይበል፣ «ፈዘዙ» አይበል። ውጤቱን ባለቤቱ ይጽፋል። ካልተስማሙ የቴሌግራሙን ዳይስ፣ ያን ሲላክ ተንከባሎ ቁጥር የሚያወጣውን ኢሞጂ፣ ይላኩ። ከ1 እስከ 6 ያለውን ቁጥር የሚያወጣው ሰርቨሩ ነው፣ ላኪው ሊመርጠው አይችልም። ዳይስ ጓደኛ የለውም፣ አድሚን ደግሞ አለው።

ከፒያሳ፦

ሙከራ ብቻ ይጻፍ የሚለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ዛሬ ቢጸድቅ ደስ ይለኛል። ያሳሰሩህም አጥፍተዋል። ኦንላይን የሌለ ሰው ካራክተር አይነካ የሚል መስመር ይግባ።

ዳይሱ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ስንት ሲወጣ ነው ደብተራው የሚያመልጠው? ሦስት ሰው ከአምስት እርምጃ ላይ ሲተኩስበትና አንድ ሰው በጨለማ እሪ በከንቱ ቁልቁለት ላይ ሲተኩስበት ቁጥሩ እኩል ነው? አይደለም ካልክ፣ ለምን አይደለም? መልስህ ያው እውነታ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ዳይስ ከመላኩ በፊት ሁለቱ ይነጋገሩና ቁጥሩን ይቁረጡ። በቅርብ ለተተኮሰ 6 ብቻ፣ በጨለማ ከሆነ 4 እና ከዚያ በላይ። ድግምቱ ከሠራ ደግሞ ደብተራው በታሪኩ ውስጥ እስከ ማግስቱ ሌላ መድገም አይችልም፣ ይሄንንም ሌሎች ካራክተሮች እንዲያውቁበት ዕድል ይኑር።

ከካዛንቺስ፦

6 ብቻ ካልሽ ደብተራ የሚጫወት አታገኚም። ስድስት ጊዜ ሞክሮ አንዴ ለማምለጥ ማን ካራክተር ይፈጥራል? እኔ በቅርብም 5 እና 6 እላለሁ። በጨለማ 4ን እቀበላለሁ። የማግስቱንም ገደብ እቀበላለሁ፣ ግን ዋጋውን ተጫዋቹ ራሱ ይምረጠው። አንዱ ድምፁ ይዘጋበት፣ ሌላው ዓይኑ ይፍዘዝበት፣ ሌላው ክታቡ ይቃጠልበት። ዋጋውን ሳይጽፍ ካለፈ ድግምቱ አልሠራም ተብሎ ይቆጠር። አድሚን ብቻውን ቁጥር የሚቆርጥበት መስመር ካልወጣ ግን እኔ ድምፅ አልሰጥበትም።